ሲዲው ሳይበላሽ ዘፈኑን እናውጣ

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። ቤት ውስጥ የሙዚቃ ሲዲ አለ። ማጫወቻው ግን ወይ ተበላሽቷል ወይ ሊበላሽ ጫፍ ላይ ነው። ዘፈኑን እንዴት ወደ ኮምፒውተር እናስገባው? ይህንኑ ነው ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለሲዲ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ብለን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ለዓመታት የሰበሰባቸው ብዙ ሲዲዎች አሉ። ማጫወቻው ስለተበላሸበት ሁሉንም በፍላሽ ላድርግለት አልኩና አንዱን ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ከተትኩት። ፋይሎቹን በሙሉ መርጬ ኮፒ አድርጌ ፍላሽ ላይ ለጠፍኩ። በሰከንድ አለቀ። ሲዲውን ሳወጣው ግን ፍላሹ ላይ ያለው አንዱም አይከፍትም። እያንዳንዱ ዘፈን 1 ኪሎባይት ነው የሚለው። ምንድን ነው ችግሩ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍላሹ ላይ የገባው ዘፈኑ አይደለም። የሙዚቃ ሲዲ እንደ ፍላሽ በፋይልና በፎልደር የተደራጀ ነገር አይደለም። ድምፁ ከዲስኩ መሃል ተነስቶ እየዞረ ወደ ዳር የሚወጣ አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ነው የተጻፈው። ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 እ.ኤ.አ. በዚህ አሠራር ሲስማሙ ያሰቡት ለማጫወቻ ነው እንጂ ለኮምፒውተር አልነበረም። አንተ ያየሃቸውን «ሲዲኤ» የሚሉ ትንንሽ ፋይሎች የሚፈጥራቸው ራሱ ዊንዶውስ ነው። እያንዳንዳቸው 44 ባይት ናቸው። ውስጣቸው ያለው ዘፈኑ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ብቻ ነው፤ የቤት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት እንደማለት ነው፣ ቤቱ ግን ሲዲው ላይ ቀርቷል።

የሚያስፈልግህ ድምፁን ራሱን ከዲስኩ አንብቦ ፋይል የሚያደርግልህ ፕሮግራም ነው። ሰዉ «ሪፕ ማድረግ» ይለዋል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ይህን ይሠራል። ሲዲውን ስትከት «ሪፕ ሲዲ» የሚል ቁልፍ ታያለህ። ነገር ግን ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስቀምጥ። ካልነካኸው በማይክሮሶፍት በራሱ ዓይነት፣ በደብልዩኤምኤ ሊያስቀምጥብህ ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ብዙ ስልክና የመኪና ቴፕ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ «ኮፒ ፕሮቴክት» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ካለበት አንሳው። እሱ ሳይነሳ የተቀዳ ዘፈን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አልከፍትም ሊልህ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው።

ይህ ለመስማት ያህል ይበቃል። የአባትህን ስብስብ ግን ለመስማት ያህል ብቻ ባትቀዳው ደስ ይለኛል። ምክንያቴን ልንገርህ። የሙዚቃ ሲዲ ስህተትን የሚያርም ዘዴ በውስጡ አለው፤ ትንሽ ጭረት ቢኖርበትም ማጫወቻው የጎደለውን አስልቶ ይመልሰዋል። ጉዳቱ ከዘዴው አቅም ሲያልፍ ግን ማጫወቻው ከፊትና ከኋላ ያለውን ድምፅ አይቶ የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። አንተም አይታወቅህም። ኮምፒውተርም በተራ ፕሮግራም ሲቀዳ እንደዚያው በግምት ሞልቶ «ተጠናቋል» ይልሃል። ከዓመታት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው ነው አንድ ቦታ ላይ «ጭ» የሚል ነገር የምታገኘው። ያኔ ሲዲው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ነው። በአጭሩ «ኢኤሲ» ይባላል። በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ከሠሪው ከራሱ ገጽ አውርደው፣ ሌላ ቦታ የተለጠፈውን አትንካ። መጀመሪያ ስትከፍተው ጥያቄ ያበዛል፣ ታገሠው። «ሴኪዩር» የሚለውን አነባበብ ምረጥለት። በዚህ አነባበብ እያንዳንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነብና ውጤቱ ካልተስማማለት እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻም የትኛው ዘፈን፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደተጠራጠረ ጽፎ ይሰጥሃል። ሊኑክስ ወይም ማክ የምትጠቀሙ አንባቢዎች ካላችሁ ፍሪአክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሦስቱም ላይ ይሠራል።

እዚህ ጋ ለኛ ሲዲዎች በተለይ የሚያስፈልግ ነገር አለ። ኢኤሲ አኩሬትሪፕ ከሚባል የመረጃ ቋት ጋር ይገናኛል። ፕሮግራሙ ከተቀዳው ድምፅ አስልቶ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሲዲ ቀድቶ ያገኘው ቁጥርና አንተ ያገኘኸው ቁጥር ይተያያሉ። ከተስማሙ በትክክል ቀድተሃል ማለት ነው። በዓለም ላይ በብዛት ለተሸጠ ሲዲ ግሩም ነው። አዲስ አበባ ታትሞ እዚያው ለተሸጠ ሲዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው አያገኝም። ይህ ሲሆን የቀረህ ማመሳከሪያ ራስህ ነህ፤ ሁለት ጊዜ ቅዳው። ኢኤሲ ውስጥ «ቴስት ኤንድ ኮፒ» የሚል ትእዛዝ አለ። አንድ ጊዜ ለሙከራ፣ አንድ ጊዜ ለመቅዳት አንብቦ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳይሃል። ሁለቱ ቁጥር አንድ ከሆነ እፎይ በል። ከተለያዩ ሲዲውን አጽድተህ ያን ዘፈን ብቻ ድገመው። ጊዜውን እጥፍ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ግን እኮ ይህን ሥራ አንዴ ነው የምትሠራው።

ከየትኛው እንደምትጀምርም ልንገርህ። በታዋቂ ዘፋኞች አትጀምር። የነሱን ሥራ ነገም ከነገ ወዲያም ከሌላ ቦታ ታገኘዋለህ። በእጅ ከተጻፈባቸው ሲዲዎች ጀምር፤ የሰፈር ባንድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን፣ የሰርግ ቀረጻ፣ ከካሴት ተገልብጦ የመጣ የአያት ድምፅ። እነዚህ ኮምፒውተር ላይ ራይት የተደረጉ ሲዲዎች ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ እንደታተመው አይደሉም፤ ድምፁን የያዘው ቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል። ከታች በኩል ስታየው ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቅማ የሚወስደው ከሆነ እንዲህ ዓይነቱ ነው። ነጭ ብርማ ከሆነ በአብዛኛው የፋብሪካ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ተራውን አይጠብቅልህም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ሲዲ መክተቻ የለውም። ስልኬ ላይ በቀጥታ ማድረግ እችላለሁ? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ በስልክ አትድከሚ። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ግዢ፤ ሲዲም ያነባል፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። ከሰው መዋስም ይቻላል። ስትሰኪው በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ይሁን፤ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ከሰካሽው ኃይል እያነሰው ሲዲውን ሲያስነሳ ሊያቃጭልና ሊቆም ይችላል። አንዳንዱ ገመድ ሁለት ራስ ይኖረዋል። ሁለቱንም ሰኪ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሀገር ቤት ይዤ የመጣኋቸውንና እዚህ የገዛኋቸውን ሲዲዎች ልጄ ማክ ኮምፒውተር ላይ እየቀዳችልኝ ነው። አንዳንዱ «ትራክ 1፣ ትራክ 2» ብቻ እያለ ይመጣል። አንዱ መዝሙር ደግሞ ሰምተነው የማናውቅ የፈረንጅ ዘፋኝ ስም ይዞ መጣ። ስሙን በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? እኔ በአማርኛ ይሁን እላለሁ፣ ልጄ ግን አልተስማማችም።

መልስ፦ እናታችን፣ በመጀመሪያ ልጅዎን ያመስግኑልን። የዘፈኑ ስም በአብዛኛው ሲዲ ላይ ጭራሽ አይጻፍም። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው የዘፈኖቹን ብዛትና እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ቆጥሮ፣ ያንን ኢንተርኔት ላይ ካለ የመረጃ ቋት ጋር ማመሳከር ነው። ቋቱን የሚሞሉት እንደ እርስዎና እንደ ልጅዎ ያሉ ሰዎች ናቸው። ማንም ካልሞላው «ትራክ 1» ይላል። የሁለት ሲዲዎች ርዝመት ሲመሳሰል ደግሞ የአንዱ ስም ለሌላው ይሰጣል፤ የመዝሙሩ ሲዲ የፈረንጅ ስም ይዞ የመጣው በዚህ ነው። ስሙ ተሳሳተ ማለት ድምፁ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ አይደንግጡ።

ስለዚህ የኛን ሲዲዎች ስም በእጅ መጻፍ ግድ ነው። ይህንን ሥራ ሰዎች እንደ አሰልቺ ጣጣ ያዩታል። እኔ ግን ከቅጂው እኩል ነው የማየው። የሀገራችን ሲዲ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ አይደለም ያለው። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ አንዳንዴም ክራሩን ማን እንደመታው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ለየዘፈኑ ተጽፏል። ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። ሽፋኑ ሲጠፋ የገጣሚው ስም አብሮ ይጠፋል። ልጅዎ ስም በምትሞላበት ሰንጠረዥ ውስጥ «ኮምፖዘር» የሚል ቦታ አለ፣ ዜማ ደራሲውን እዚያ። «ኮሜንት» የሚል ደግሞ አለ፣ ግጥምና ቅንብሩን እዚያ ይጻፉት። ይህ አድካሚ ከሆነ ቢያንስ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ ውስጡ ወረቀት ካለውም እያንዳንዱን ገጽ፣ በስልክ በደንብ ብርሃን አንስታ ከዘፈኖቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጠው።

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ ለሚለው እኔ ከእርስዎ ጎን ነኝ። ፊደላችንን የዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ያለ ችግር ይጽፈዋል፣ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱን ዘፋኝ አንድ ሰው በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈውና ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት ዘፋኝ ይቆጥረዋል። በአማርኛም ግን ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ ፀሐይን በ«ፀ» ጽፋችሁ በ«ጸ» ከፈለጋችሁት አይገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንደዚያው ናቸው። የሰውን ስም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ እንደ «ትዝታ» እና «አምባሰል» ያሉትን የቅኝት ስሞች ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት። ልጅዎ በአማርኛ ማንበብ ከከበዳት «ኮሜንት» ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምራ ትጻፍበት። ሁለቱም ይኖራሉ።

ዓመተ ምሕረቱንም አስቡበት። አዲስ አበባ የታተመ ሽፋን 1996 ዓ.ም. ካለ እንደ ፈረንጆቹ 2003 ወይም 2004 ነው። አሜሪካ የታተመው ደግሞ የራሳቸውን ይጽፋል። ተቀላቅሎ ከገባ አንድ ዘፋኝ ሁለተኛ አልበሙን ከመጀመሪያው በፊት ያወጣ ይመስላል። የዓመት ቦታው ላይ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ። እኔ ብሆን እዚያ የፈረንጁን አድርጌ ሽፋኑ ላይ ያለውን የኛን «ኮሜንት» ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት የነሱን ስለሆነ።

ማክ ላይ «ሙዚቃ» የሚለው የአፕል ፕሮግራም ይቀዳል፤ ግን ሴቲንጉ ውስጥ ድምፁን ሳይቀንስ የሚያስቀምጠውን «አፕል ሎስለስ» የሚለውን ይምረጡና ስህተት ማረሚያው ላይ ምልክት ያድርጉበት። ኤክስኤልዲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ደግሞ አለ፣ ቀደም ብለን ያልነውን ሁለት ጊዜ ማንበብና ማነጻጸር ለማክ ይሠራል። ልጅዎ ከቻለች እሱን ትሞክር።

ጥያቄ፦ ሲዲዎቼ ተጭረዋል። ጓደኛዬ በኮልጌት እጠበው ብሎኛል። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በኮልጌት አትጀምር። የጥርስ ሳሙና እንደ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ፕላስቲኩን ይሞርደዋል። ቀላል ጭረትን አንዳንዴ ያደበዝዛል፤ አዲስ ጭረትም ይጨምራል። ሌላ ተስፋ ሲጠፋ የሚሞከር ነገር ነው።

መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው። በለስላሳ ጨርቅ፣ የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት፣ አድርቀው። ስትጠርግ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገህ ጥረግ፣ እየዞርክ አይደለም። ለምን መሰለህ? ድምፁ የተጻፈው ክብ ዞሮ ነው። ከመሃል ወደ ዳር የተጫረ ጭረት መስመሩን ያቋርጠዋል፣ በየዙሩ ጥቂት ብቻ ነው የሚያጎድለው፣ ስህተት ማረሚያውም ይሸፍነዋል። መስመሩን ተከትሎ የዞረ ጭረት ግን ብዙ ድምፅ በተከታታይ ይወስዳል፤ እሱን ማረም ያቅተዋል። አሴቶንና ቤንዚን አታስጠጋበት፣ ፕላስቲኩን ያበላሹታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የሲዲው ደካማ ጎን ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። ከታች 1.2 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ይጠብቀዋል። ድምፁን የያዘው ብርማ ሽፋን ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው፤ የሚከልለው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከላይ በምስማር ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ የተጫረ ሲዲ የተጫረበት ቦታ ላይ ያለው ዘፈን ጠፍቷል፣ በምንም አይመለስም። አምፖል ፊት ለፊት ያዘውና ተመልከት። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከላይ ወረቀት የተለጠፈበት ካለህም እንዳትልጠው፤ ብርማውን አብሮ ያነሳዋል።

ከታጠበም በኋላ እምቢ ካለህ የማንበቢያውን ፍጥነት ዝቅ አድርገህ ሞክር፣ ኢኤሲ ላይ ይህን መምረጥ ይቻላል። ከዚያም ሌላ ድራይቭ ሞክር። ይህ ከሁሉም የተሻለው ምክር ነው። አንዱ ድራይቭ ሙሉ ሌሊት ታግሎ ያቃተውን ሌላው በደቂቃ ሲያነበው ይታያል፤ ሌንሳቸውና አነባበባቸው ይለያያል። ጓደኛህ ቤት፣ ቢሮ፣ ኢንተርኔት ካፌ ያለ የድሮ ዴስክቶፕ ካገኘህ ይዘህ ሂድ። መሃሉ የተሰነጠቀ ሲዲ ግን ኮምፒውተር ውስጥ አትክተት፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊሰበርና ድራይቩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ። ቪትዝ ነው የምነዳው። ሲዲዎቼን በፍላክ ቀዳሁ፤ ጥራቱ ይበልጣል ስላሉኝ። የመኪናው ቴፕ ግን ፍላሹን ባዶ ነው ይለኛል። ጥፋቱ የፍላሹ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፍላሹ ምንም አልሆነም። የድሮ የመኪና ቴፖች ብዙዎቹ ፍላክን አያውቁትም፣ ኤምፒ3 ነው የሚያነቡት። ግን በፍላክ መቅዳትህ ጥሩ አድርገሃል፣ አትሰርዘው።

ልዩነቱን በአጭሩ ላስረዳህ። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን ይለካል፤ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ። እንዳለ ቢቀመጥ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፣ የአንድ ሰዓት ሲዲ ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው። ፍላክ ያንኑ ድምፅ ምንም ሳይቀንስ አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ መጠኑ ወደ ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወርዳል። ኤምፒ3 ግን ጆሮ አይለየውም ያለውን ይጥለዋል። የጣለው አይመለስም። በ320 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ነው። መንገድ ላይ፣ ሞተር እየጮኸ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልዩነቱን የሚለይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፍላኩ ቤት ይቀመጥ፣ ከእሱ ላይ ለመኪናው ኤምፒ3 አውጣ። ፍሪአክ ሙሉ ፎልደሩን በአንዴ ይቀይርልሃል። ነገ መኪና ብትቀይር ወይም ሌላ ዓይነት ፋይል ቢያስፈልግህ እንደገና ከፍላኩ ታወጣለህ፣ ሲዲውን ሳትነካ። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ከንቱ ነው፤ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመጣም። ለዚህም ነው ዘፈን ቤት ከኤምፒ3 ላይ ራይት አድርገው የሸጡልህን ሲዲ በምንም ብትቀዳው ከዚያ በላይ የማይሆነው።

ፍላሹን ፎርማት ስታደርገው «ፋት32» ምረጥ፣ አብዛኛው የመኪና ቴፕ የሚያውቀው እሱን ነው። የፋይል ስም በአማርኛ ከሆነ ቴፑ በየፊደሉ ቦታ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሊያሳይህ ይችላል። ለመኪናው ቅጂ ብቻ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርግ፣ ፊት ለፊቱም 01፣ 02 እያልክ ቁጥር ጨምርበት፤ አለዚያ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ሲዲ ኢኤሲ ውስጥ ዘፈን የለውም ይለኛል። ግን ቲቪ ላይ በዲቪዲ ማጫወቻ ሳየው ክሊፕ አለው። (ከጎንደር)

መልስ፦ እሱ የሙዚቃ ሲዲ አይደለም፣ ቪሲዲ ነው። ዲስኩን ከፍተህ «ኤምፔግኤቪ» የሚል ፎልደር ካየህ በእርግጥ ቪሲዲ ነው። ውስጡ ያሉትን ትልልቆቹን ፋይሎች፣ መጨረሻቸው «ዳት» የሚለውን፣ በቀጥታ ኮፒ አድርግ። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይከፈታሉ። ጭረት ካለው ኮፒው መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ለሐዋሳው ወንድማችን የነገርነውን ሞክር። ድምፁን ብቻ ለይቼ ላውጣ ካልክም ክሊፑን አታጥፋ። የብዙ ዘፈን ክሊፕ ያለው ከዚያ ቪሲዲ ውጪ ሌላ ቦታ አይደለም።

ሌላ ዓይነትም አለ። ሲዲውን ስትከፍት መቶ ምናምን ዘፈን ታያለህ፣ እያንዳንዱ 3 ወይም 5 ሜጋባይት። እሱ የኤምፒ3 ሲዲ ነው። ሪፕ ማድረግ አያስፈልገውም፣ ተራ ኮፒ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የድሮ ሲዲዎች ቀድቼ ጨርሻለሁ። ገበያ ላይ የሉም፤ ሰው ግን ይፈልጋቸዋል። ቴሌግራም ቻናል ከፍቼ ብለቃቸው ምን ችግር አለው? አልሸጥም እኮ። (ከደሴ)

መልስ፦ ችግር አለው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሰው የወጣ ሥራን ለግል መጠቀሚያው ብቻ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። አንተ እስካሁን የሠራኸው ይሄንን ነው፤ ደግ አድርገሃል። ቻናል ላይ ስትለቀው ግን የግል መሆኑ ቀረ። በነፃ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። የደራሲው መብት በዕድሜው ልክና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የአብዛኞቹ ያልካቸው ሲዲዎች ባለቤቶች በሕይወት አሉ፣ ወይም ልጆቻቸው አሉ። አሳታሚው ቢዘጋም የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት አልተዘጋም።

ሀሳብህ ግን ይገባኛል። ሥራው እንዳይጠፋ ነው የምትፈልገው። እንግዲያው ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን ፈልግ። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቀረጻ የጠፋባቸው፣ የራሳቸው ሥራ እጃቸው ላይ የሌለ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው። ጭረት የሌለበት፣ ሁለት ጊዜ ተነብቦ የተረጋገጠ፣ ግጥምና ዜማ ደራሲው የተጻፈበት ቅጂ ይዘህ ብትሄድ በደስታ ነው የሚቀበሉህ፤ መልቀቅ አለመልቀቁን እነሱ ይወስኑ። ይህ ለቻናል ተከታይ ከመስጠት የበለጠ ለሥራው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ቀድቼ ከጨረስኩ ሲዲዎቹን ልጣላቸው? ቤቴ ጠባብ ነው። (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ አትጣያቸው። ቢያንስ ፋይሎቹ ሁለት ቦታ መቀመጣቸውን ሳታረጋግጪ አትጣያቸው፤ አንዱ ኮምፒውተርሽ ላይ፣ ሌላው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል ሌላ ሰው ቤት። ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው። ከዚያም በኋላ ሲዲውን ማቆየት ጥሩ ነው፤ የገዛሽው ቅጂ እሱ ነው፣ ፋይሉ ቢበላሽም መመለሻሽ እሱ ነው።

ቦታውን ለመቆጠብ ፕላስቲክ ሳጥኖቹን ብቻ አስወግጂና ሲዲውንና ሽፋን ወረቀቱን ለሲዲ በተሠራ ከረጢት ውስጥ አብረሽ አስቀምጪ፤ ከመቶ በላይ ሲዲ በአንድ ካርቶን ይገባል። ደርድረሽ አቁሚያቸው እንጂ አትከምሪያቸው። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከምድጃ አጠገብ ይራቁ። ስም ለመጻፍ እስክሪብቶ አትጠቀሚ፣ የሚጫን ጫፍ ብርማውን ይወጋዋል። ቁጥር ስጪው፤ ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ ጽፈሽ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ፎልደር ስም ፊት ያንኑ ቁጥር ድገሚው።